የፍቅሬ አግዳሚ ወንበር

ፍቅሬ የራስ ቅሉ ተፈርክሶ፣ ከትልቁ ጠረጴዛ ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ተገኘ። የሐዋሳው ጆንያ ፋብሪካ ሠራተኞች ለምን እንደሚያኮርፉ ሊያጠና ከአዲስ አበባ የተላከ ተመራማሪ ነበር። አብዮት ጥበቃዎች ወዲያው ማቴዎስን ያዙት፤ ሁለት ጣቶቹን ማሽን የበላበት ቁጡ ሠራተኛ ነው።

መርማሪው መቶ አለቃ ጉልላት ብልህ ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ሬሳው እንደተነሣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ «ጠረጴዛውን ተሻግረህ በብረት አልመታኸውም?» አለ። ማቴዎስ ካደ። ጉልላት ግረፉት አለ። ውስጥ እግሩ ሲተለተል ማቴዎስ፣ «አዎ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሬ በብረት መታሁት» አለ። በማግስቱ እንዲረሸን ተወሰነ።

ጉልላት ግን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ሰውየው ያመነው እሱ ራሱ ያጎረሰውን ብቻ ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ አልጨመረም። ተመልሶ ክፍሉን ፈተሸ። መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ታጥቧል፤ ሲገለብጠው ከሥሩ ደም ረግቷል።

ሥራ አስኪያጁን ደረሰን፣ የፋብሪካውን ካድሬ ይልማንና ማቴዎስን አስጠራ።

«ፍቅሬ ሁላችሁንም አነጋግሯል?»

«እኔንማ ብዙ ጊዜ። ወዳጄ ነበር» አለ ደረሰ ፈጠን ብሎ።

«እንግዲያው ያኔ በተቀመጣችሁበት ተቀመጡ። እርስዎ ይቅደሙ።»

ደረሰ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይልማ በመገረም እያየው ወደ አግዳሚው ሄደ። ማቴዎስም በሁለት ጠባቂዎች ተደግፎ ከይልማ ጎን አረፈ።

«ፍቅሬ ከጠረጴዛ ኋላ ሆኖ ማንንም አያነጋግርም» አለ ይልማ። «‹እንደ አለቃ ከጠየቅኋችሁ ለአለቃ የሚባለውን ትነግሩኛላችሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው› ይለናል። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው።»

«የተገደለውም እዚያው ነው» አለ ጉልላት። «ገዳዩ አግዳሚውን አጠበ፤ ሲያነጋግር የተገደለ እንዲመስልም ሬሳውን ከጠረጴዛው ኋላ አስቀመጠ። አነጋጋሪ ሌላ የት ይቀመጣል ብሎ። ፍቅሬ ያነጋገረው ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ጓድ ደረሰ፣ ለምን ዋሹኝ?»

ደረሰን እየጠቆመ ይልማ መለሰ፦ «ምርት ይፍጠን ብሎ የማቴዎስን ጣቶች የበላውን ማሽን መከለያ ያስነቀለው እሱ ነው። ፍቅሬ ዓርብ በሂስና ግለሂሱ ስብሰባ ሊያጋልጠው ነበር።»

«እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ደረሰ ዘሎ የይልማን ጉሮሮ አነቀ። አንዱ ጠባቂ በሰደፍ አፉን አለው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። እየጎተቱ አወጡት።

ጉልላት ከማቴዎስ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ማፈሩ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

«ታዲያ ያላደረግከውን ለምን አመንክ?» አለው።

ማቴዎስ ያበጠ እግሩን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«እርስዎ ከጠረጴዛው ኋላ ነበሩ» አለ።