ያልሞተች እናት ለቅሶ

ብዙነህ ሻንጣውን ራሱ አነሣው።

«ይተዉት ጋሽ ብዙነህ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«እናቷ የሞተችባት ሰው ሻንጣ ትሸከማለች እንዴ? ቅደሚ።»

ሠርካዲስ ቀደመች። የመጋዘኑ በር ላይ ያለው ጥበቃ ቀና ብሎ አያቸው። ከራሱ በላይ ካሜራ አለ። ጥቁሩ ሻንጣ ውስጥ ልብስ አልነበረም። ታጥፎ የሚዘጋ የድምፅ መስጫ ማሽን ነበር፤ ጎኑ ላይ የፋብሪካው ቀይ ማኅተም እንደታሠረ ነው።

ጥበቃው እጁን ወደ ሻንጣው ዘረጋ።

«እናቷ ሞታባት ነው፣» አለው ብዙነህ በእንግሊዝኛ። «ወደ አገሯ ልትሄድ ነው።»

ጥበቃው እጁን ሰበሰበ።

ኮሎራዶ፣ ኮሜርስ ሲቲ ላይ ገና እየነጋ ነበር። ብዙነህ ሻንጣውን መኪናዋ ውስጥ ከቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። «በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ?» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጠረጥር ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን ደዋዮቹ ላይ ጥሎ አለፈ። ብዙነህ እንዲህ ያለ ሰው ነው። የሌሊት ፈረቃው አለቃ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ከወራት በፊት «እኔን እንደምታምኑኝ እመኗት» ብሎ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው። የሚያውቃት ወይንሸት በሚባል ስም ነው። ሠርካዲስ የስቴቱ መርማሪ መሆኗን በዚያ መጋዘን የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ ቀላል ነበር። ብሉ ስፕሩስ የተባለው ኩባንያ የድምፅ መስጫ ማሽን ይሸጣል። ማሽኑ ሲበርደው ይሳሳታል፤ የአንዱን ተወዳዳሪ ስም ትነካለህ፣ ከሥሩ ያለው ይበራል። ኩባንያው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለስቴቱ ፍተሻ አዲስ ስክሪን የተገጠመላቸውን ልኮ፣ አሮጌዎቹን ለምርጫ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ደረደረ። የስቴቱ የምርጫ ጉባኤ ውሳኔ የሚሰጠው ዛሬ ከሰዓት ነው። ማኅተሙ ያልተነካ አንድ አሮጌ ማሽን ጉባኤው ፊት ካልቀረበ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ የኮሎራዶ ሰው ድምፁን የሚሰጠው በእነዚህ ነው።

ኦሮራ ከተማ ያለው አፓርታማዋ ስትደርስ «ሄሮን» ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃታል። ቢሮው ለሁሉም የወፍ ስም ይሰጣል። አለቃዋ ሄሮን ነው፣ እሷ ፊንች ናት፣ ማሽኑ ደግሞ እንቁላሉ። ቁም ነገረኛ ሰው ያወጣው ስም አይመስልም።

«እንቁላሉ?»

«ደኅና ነው።»

«ያየሽ አለ?»

«የመጋዘኑ አለቃዬ ተሸክሞ ነው መኪናዬ ውስጥ የከተተልኝ።»

ሄሮን ሳቅ አለ። የሻንጣውን ዚፕ ከፈተና ከኮት ኪሱ ፒንሳ አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ውስጡን ልየው።»

«ማኅተሙ ከተቆረጠ እኮ ማስረጃ አይሆንም። ራሳችሁ ነካክታችሁት ነው ይሉናል።»

«አውቃለሁ፣» አለ።

አውቃለሁ ሲል አላያትም።

ገባት።

«ኩባንያው ምን ቃል ገባልህ?»

«ጡረታ ስወጣ የምቀመጥበት ወንበር። አንቺም ደክሞሻል፣ ፊንች። ማውጣት አልቻልኩም በዪና ተኚ። ማንም አይወቅስሽም።»

ደክሟት ነበር፤ እሱስ እውነቱን ነው። ለዓመታት በሰው ስም ተጠርታ፣ በሰው ስም በልታ ደክሟታል። አንድ እርምጃ ወደ ሻንጣው ጠጋ አለች። እሱም ፒንሳውን ማኅተሙ ላይ አሳረፈ።

በሩ ተንኳኳ። ሄሮን ፒንሳውን ኪሱ ከተተ፤ ሠርካዲስ የሻንጣውን ዚፕ መልሳ ዘጋች።

ከዚያም ተከፈተ።

መጀመሪያ የገባው ለቅሶው ነው። ሰዎቹ ተከተሉ። የሌሊት ፈረቃው በሙሉ ብርቱካናማ ሰደርያውን ሳያወልቅ ከመጋዘኑ በቀጥታ መጥቷል። ሴቶቹ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። «እናቴን! እናቴን!» ወንዶቹ ወንበር ፍለጋ መኝታ ቤቷ ድረስ ገቡ። ብዙነህ ውኃ የያዘ ካርቶን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ።

ለአሜሪካዊ አለቃ እናቴ ሞተች ብትለው ፈቃድ ይሰጥሃል፣ ቢበዛ ካርድ ይልክልሃል። የሐበሻ አለቃ ግን ሰው ሰብስቦ ቤትህ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ሠርካዲስም ታውቃለች። ውሸቱን ስትፈጥረው ግን ከማሽኑ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም።

«ፈረንጁ ማነው?» አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች።

«አከራዬ ነው።»

«ለቅሶ ደረሰ? ደግ ሰው ነው። ወንበር ስጡት እንጂ።»

ሄሮን ሳይወድ ተቀመጠ። ፒንሳው ኪሱ ውስጥ ነው። ከእሱና ከሻንጣው መሀል ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል። አንዱ ሻይ በወረቀት ኩባያ ሰጠውና ስለ ሞት አይቀሬነት በእንግሊዝኛ ያጽናናው ጀመር።

ብዙነህ እጁን አንሥቶ ጸለየ። ኦርቶዶክሶቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ኋላ ግን እነሱም አሜን አሉ። ያላያቸውን እናቷን እያነሣ እግዚአብሔር እንዲያጽናናት ነበር የሚጸልየው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ሠርካዲስ መሬት መሬት አየች። አፈረች።

ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው።

«ጋሽ ብዙነህ፣ በረራው ቀደም ብሏል። ኤርፖርት ያድርሱኝ።»

«ተነሺ።» ሻንጣውን ለሁለተኛ ጊዜ አነሣላት።

ሄሮንም ተነሣ። ከኋላቸው እየተንደረደረ ደረጃውን ወረደ። የእሱ መኪና ግን በለቅሶ ደራሾች መኪና ዙሪያውን ታጥሯል። ሐበሻ ለቅሶ ሲደርስ ፓርክ የሚያደርገው ባገኘበት ነው። ሄሮን በረዶው መሀል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጡሩምባ ሲነፋ ጥለውት ወጡ።

ብዙነህ ወደ ኤርፖርቱ መንገድ ሊታጠፍ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«በኮልፋክስ ጎዳና ይሂዱ። ወደ ዳውንታውን።»

«ለምን? በረራሽስ?»

«ይንዱ ብቻ፣ እነግርዎታለሁ።» ሎውሪ የሚባለውን ሰፈር አለፉ። በጎን መስታወት ወደ ኋላ አየች። የሚከተል የለም።

«ጋሽ ብዙነህ፣ እናቴ አልሞተችም።»

ብዙነህ መኪናውን ጥግ አስያዘ። ሞተሩን አላጠፋም። እሷ ሁሉንም ነገረችው፤ ማን እንደሆነች፣ ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ዛሬ ምን እንደሚወሰን። ሳያቋርጥ ሰማት።

«ካሜራው ላይ ማሽኑን ተሸክሞ የሚታየው ማነው?» አለ ስትጨርስ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ኩባንያው ሲዘጋስ? ቤትሽ የተቀመጡት ሰዎች?»

ከፈለገ አሁን መኪናውን አዙሮ ሻንጣውን ለኩባንያው ሊመልስ ይችላል። መሣሪያ የላትም፤ ቢኖራትም በእሱ ላይ አታወጣውም።

ብዙነህ ወደ እሷ ዞረ።

«እናትሽ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ተመስገን፣» አለ።

ከዚያ ማርሽ አስገባ። ጉባኤው እስካለበት ሕንፃ ነዳ፤ ሻንጣውን አውርዶ በረዶ ያልነካው ቦታ ፈልጎ አስቀመጠው፤ ሄደ።

ጉባኤው ላይ ብዙ ክርክር አልነበረም። የማሽኑን መለያ ቁጥር አመሳከሩ፤ ማኅተሙ ደኅና ነው። የስቴቱ መሐንዲስ ማሽኑን በረንዳ ላይ አውጥቶ ብርድ አስመታው። መልሶ አስገባውና የመጀመሪያውን ስም ነካ፤ ሁለተኛው በራ። ደጋገመው፤ ያው ነው። የኩባንያው ጠበቃ ወረቀቱን ሰበሰበ። ብሉ ስፕሩስ በኮሎራዶ እንዳይሸጥ ታገደ። ሄሮንን ቢሮው ድምፅ ሳያሰማ በጡረታ ሸኘው፤ ወንበር የሚሰጠው ኩባንያ ግን አልኖረም።

ሠርካዲስ አንድ ነገር ለመነች። ብዙነህ ሻንጣው ውስጥ ያለውን እንዳላወቀ የሚገልጽ ቃል ከቢሮው ይሰጠው አለች። ቢሮው እምቢ አለ። ቃሉን ከሰጠ የሰላይዋን ማንነት ማውጣት ነው፤ ሰላይዋ ደግሞ ለሌላ ሥራ ትፈለጋለች።

በሳምንቱ አፓርታማውን ልታስረክብ ተመለሰች። ቤቱን የጠረጉት ለቅሶ ደራሾቹ ናቸው፤ ዕቃው ታጥቧል። የነካችውን ሁሉ በጨርቅ እየወለወለች ሳለ ደወሉ ጮኸ።

እታለም ነበረች፣ ከሴንቴኒያል ከተማ የመጣች፤ መጋዘኑ ውስጥ በቀኑ ፈረቃ የምትሠራ ትልቅ ሴት። ገና ከበሩ ማልቀስ ጀመረች።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ ዘገየሁብሽ። አገር ቤት ሄዳለች ብለውኝ ነበር እኮ። አለመሄድሽን ዛሬ ብዙነህ ነገረኝ።»

ሠርካዲስ ጨርቁን ከኋላዋ ደበቀች።

«እሱ ምን አለዎት?»

«ምን ይላል? ብቻዋን ናት፣ ሂጂና አጽናኛት አለኝ። ደግሞ እኮ ለራሱም መከራ ላይ ነው፤ ሰርቀሃል ብለው አባረሩት። እሱ ይሰርቃል? አላውቅም ብቻ ነው የሚለው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «መጋዘኑም ሊዘጋ ነው አሉ። አንቺ ስለ ሥራ አታስቢ፣ እዘኚ። እኔም መፈለጌ አይቀርም፤ አብረን እንፈልጋለን። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።»

ሠርካዲስ ተቀመጠችና አለቀሰች። እታለም ራሷን ደረቷ ላይ አስደግፋ «ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ» ትላለች። ስታበቃ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችላት።

«እናታችን ስማቸው ማን ነበር?»

የተዘጋጀ ስም ነበራት፤ ቢሮው የሰጣት። አልመጣላትም።

«ሙሉነሽ፣» አለች። የእናቷ ስም ነው።

«ሙሉነሽ፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን፣» አለች ሠርካዲስ።

እታለምን እስከ መኪናዋ ሸኘቻት። ነገ ሥራ ፍለጋ አብረው ሊወጡ ተቀጣጠሩ። ከዚያ ሽቅብ ተመልሳ የበሩን እጀታ ወለወለች፤ ቁልፉን ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ጥላ በኋላው ደረጃ ወረደች።