የእሑዱ ብልቃጥ

አቶ ይገዙ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በተኙበት አልጋ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞተው ተገኙ። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሽማግሌ ቢሞት ማን ይገረማል? ሐኪሙ ግን ተገረመ። ሽማግሌው ከንጋት በፊት ከልክ ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስደው ነበር። በዚያ ሌሊት ደግሞ አብሯቸው ያደረው ልጃቸው ማርቆስ ብቻ ነው።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ፅዮን ባዶውን አልጋ እየተመለከተች ጠየቀችው።

«ሌሊቱን ድምፅ አላሰሙም?»

«እንጃ፤ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ምግብስ?»

«ማታ አጥሚት ሞክሬ ነበር። ትን አላቸውና ሸሚዛቸው ላይ ተደፋ። ከእህቴ እጅ በቀር አይውጡም።»

«ሸሚዙን ቀየሩላቸው?»

«አይ… አላወቅኩበትም።»

ማርቆስ አንገቱን ደፋ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቅ የሚል ልጅ አባቱን ማጉረስና ማልበስ ከየት ይማራል? እፍረቱ ሳያንሰው አሁን ደግሞ አባቱን ገደለ ሊባል ነው።

ታላቅ እህቱ ፀዳለ ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ይዛለች። «ቅዳሜ ማታ እንዲያድርልኝ እሱን ለመንኩት» አለች። «ማሕሌት ቆሜ አደርኩ፣ ጠዋት ቆርቤ መጣሁ። አባባ የተኛ መስሎኝ አልነካሁትም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሦስተኛዋ ሰው ነርሷ ሶሊ ናት። የምትሠራበት ጥናት፣ በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች ጭንቀታቸው ምን ያህል እንደሆነ ምራቃቸው ውስጥ ካለው ሆርሞን ይለካል። ፀዳለም ከሚጠኑት አንዷ ነበረች።

«እሑድ እኩለ ቀን ላይ መጣሁ» አለች ሶሊ። «እትዬ ፀዳለ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር። ብልቃጡን ሰጠኋት፣ ምራቋን ተፍታ መለሰችልኝ፣ ሄድኩ።»

«አንቺ እያየሽ ተፋች?»

«አዎ፣ እንደ ሁልጊዜው። ምነው?»

ፅዮን ባኞ ቤት ገብታ ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈውን ልብስ አገላበጠች፤ ሆስፒታል ደወለች፤ ከዚያ ሦስቱንም አልጋው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ሆርሞን ገዳይ አይጠቁምም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ብልቃጡ ውስጥ ስንት እንዳለ አልጠየቅኩም። ለምን ሞላ ነው ያልኩት። ሶሊ ጴንጤ ናት፣ አታውቅም። እኔና አቶ ማርቆስ ግን ያደግንበት ነው። ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም፤ አፉን እንደጠበቀ ይውላል። የቆረበ ይህን አይረሳም። የሚረሳው ያልቆረበ ነው።»

ፀዳለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ታዲያ የት ነበሩ? አስከሬኑ ሆስፒታል የደረሰው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው። አጥሚት የተደፋበት ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ወንድምዎ አልቀየሩም፤ እርስዎም ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ አልነካኋቸውም ብለዋል። እንግዲህ ሌሊት የገባ ሰው አለ። ሸሚዝ መቀየር የሚያውቅ፣ ከእጁም መድኃኒት የሚዋጥለት ሰው።»

«ደጀ ሰላም ደርሼ ልቤ አላርፍ አለኝ» አለች ፀዳለ ከነጠላዋ ሥር። «ስመለስ አባባ እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ ያቃስታል፣ ማርቆስ ያንኮራፋል። ቀየርኩለት። መድኃኒቱን ሰጠሁት። አሁንም ሲያቃስት ደግሜ ሰጠሁት፣ ደግሜ… ዝም እንዲል ነው። እኔም እንድተኛ። ከዚያ ወጥቼ እስኪነጋ ስዞር አደርኩ። ወንድሜን ሲጠረጥሩት እንኳ ከማፈሬ ብዛት አፌ አልከፈት አለኝ።»

ማርቆስ በረዥሙ ተነፈሰ። ነፃ ወጣ! እህቱ እያለቀሰች እሱ እፎይ ማለቱ ወዲያው አሳፈረው።

ሶሊም ማልቀስ ጀመረች። «ሆርሞኑ ማታ ማታ መውረድ ነበረበት። የእሷ ጠዋትም ማታም ያው ነው። የሚያግዛት ሰው ካልተገኘ አይሆንም ብዬ ባለፈው ወር ደውዬ ነበር።»

«ለማን?»

ሶሊ ማርቆስን በዓይኗ አመለከተች።

ፀዳለ ነጠላዋን ገለጠችና ወንድሟን አየችው። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ።

ፅዮን ካቴናውን አወጣች። ማርቆስ ሳይታወቀው ሁለት እጆቹን ዘረጋላት።

«የእርስዎን አልጠየቅኩም» አለችው።