በጣት የተመረጠ ካሜራ

እሷ የሠርግ አዳራሽ አስጌጭ ነበረች፤ እሱ ፎቶ አንሺ። የተዋወቁት ሙሽሮቹን ለማንሳት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል ገና ያቆመችውን የአበባ ቅስት ይዞ የወደቀ ዕለት ነው።

«ዓይንህ የት ነው ያለው?» አለችው በንዴት።

«እስካሁን ሙሽሪት ላይ ነበር» አለ አበባውን ከፀጉሩ እያራገፈ። «አሁን ግን እንጃ።»

ሳቋን መያዝ አቃታት። ዓመት ሳይሞላ ተጫጩ። በእሱ ሐሳብ ፎቶ ቡዝ ሊከፍቱ ቆረጡ፤ አዳራሽ ጥግ የምትቆም፣ መጋረጃ ያላት ጠባብ ክፍል። እንግዳው ገብቶ ቁልፍ ሲጫን ፎቶው ወዲያው ታትሞ ይወጣል። ሣጥኑን አናጺ ሠራላቸው፤ መጋረጃውን እሷ ሰፋች። የቀረው ካሜራው ብቻ ነበር።

ካሜራው ግን አልመረጥ አለ። እሱ አንዱን «ቶሎ ይግላል» ይላል፤ ሌላውን «ባትሪ ይበላል»፤ ሌላውን ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ ይመልሳል። ደግሞ ሰሞኑን ሲያወራት ዓይን ዓይኗን ማየት ትቷል። ከኋላዋ ሌላ ሰው እንደሚመጣ ሁሉ በጎኗ አሳልፎ ያያል።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ነገሩ አልጣማትም። «ማግባት የፈራ ወንድ በካሜራ ያሳብባል» አለቻት። ቃሉ እንደ እሾህ ተሰካባት።

እንደገና ካሜራ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ እሷን ለሙከራ አነሳትና ስክሪኑን ለእጮኛዋ አሳየው።

«ይኼ ጥርት ያለ ነው» አለ እሱ። «ዓይንሽ እንዴት እንዳማረ!»

ጎንበስ ብላ አየች። ሌንሱ ፎከስ አላደረገም፤ ፊቷ ውኃ የነካው ቀለም መስሏል። ዓይን የሚባል ነገር የለም። ባለሱቁ አቀርቅሮ ንጹሑን መስታወት መወልወል ጀመረ።

ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ክንዱን ከእጇ አላቀቀና የሱቁን ግድግዳ ተደገፈ።

«ከክረምት ወዲህ። ዓይኔ መሐል መሐሉን ነው የሚያጠፋብኝ፤ ዳር ዳሩ ይታየኛል። ፊትሽን ለማየት ጆሮሽን ማየት አለብኝ። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ቡዙንም የፈለግኩት ለዚህ ነው፤ ካሜራው አንዴ ከተተከለ የእኔን ዓይን አይጠይቅም።»

«እኔ እኮ ሌላ ሴት ይዘህ መስሎኝ…» አለች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«የወደድሽው ፎቶ አንሺ ነዋ!»

«ማንን እንደወደድኩ ጠይቀኸኛል?» ብላ ትታው ሄደች።

እህቷ ስትሰማ በረጅሙ ተነፈሰች። «ፍቅር ዕውር ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ቃል በቃል መሆኑን ግን አላወቅኩም። ዕድሜ ልክሽን እጁን ይዘሽ ልትመሪው ነው?»

«አላውቅም፣ እታለም።»

እውነቷን ነበር። ፈርታለች። ስልኳ ሲጮኽ ስሙን እያየች ታለቅሳለች እንጂ አታነሳም። ሥራ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር ባየች ቁጥር ለእሱ ልትነግረው ታስቀምጠው ነበር። ያጠራቀመችው ሲበዛባት ተነሥታ ቤቱ ሄደች።

«ና፣ ካሜራ ልንገዛ ነው።»

ባለሱቁን ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቢሠራ የማይግል፣ ፎከሱ አንዴ ከተስተካከለ የማይነቃነቅ ካሜራ ጠየቀችው። ያቀረበላቸውን ካሜራዎች ወደ እጮኛዋ ገፋ አደረገች።

«የቀረውን አንተ ምረጥ። በጣትህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ዳሰሰ። አዲሶቹ እንደ መስታወት ልሙጥ ናቸው፤ ለጣት ምንም አይነግሩም። ሞዴሉ ያለፈበት አንድ ከባድ ካሜራ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«የዚህ ቁልፎች ይለያያሉ» አለ። «ሳላይም እሠራበታለሁ።»

እሱኑ ገዙ። እህቷ ቡዙን ልታይላቸው አልመጣችም። ካሜራውን ሣጥኑ ውስጥ ገጥመው ሲጨርሱ ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ፤ እሱ ቁልፉን ተጫነ። የወጣውን ፎቶ ሰጣት።

«እንዴት ወጣን?»

መዋሸት ትችል ነበር። «የእኔ ዓይን አብጧል። የአንተ ኮሌታ ተጣጥፏል።»

«ደስ ያለን እንመስላለን?»

ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው።

«የፈራን ነው የምንመስለው» አለች። «ግን በመሐላችን ነፋስ አይገባም።»