የአባባ ኑዛዜ አራተኛ መስመር

«አፍንጮ በር ውስጥ በእጅ ጽሑፍ የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ» አለች ማራናታ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም።»

ጠበቃ መይሙና መነጽራቸውን አስተካክለው ጽሑፉን ላይ ላዩን አዩት። ቢሯቸው ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። የእንጨት ደረጃውን የወጡት አያቷ፣ አባባ ተክለሃይማኖት፣ ከተቀመጡ አሥር ደቂቃ ቢሆናቸውም ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

«ኑዛዜውን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ። አባባ እየነገሩኝ።»

«ያምራል። ጣጣውም እሱ ነው» አሉ ጠበቃዋ። «እሳቸው በገዛ እጃቸው ቢጽፉት አንድ ነገር ነበር። ሌላ ሰው ከጻፈው ግን በአራት ምስክር ፊት ተነቦ እዚያው ካልተፈረመ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።»

አባባ የሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸውን ዘረጉ። «በዚህ እጅ ልጻፍ? ድሮ የሴት ሰዓት ውስጥ ፀጉር የምታህል ሽቦ አስገባበት ነበር። ዛሬ የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ ልጄ ደብሪቱ ናት የምትቆልፍልኝ።»

መይሙና ፈገግ አሉ። «አባቴ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀረ ብሎ ቢያመጣልዎት ‹ሰዓቱ ደህና ነው፤ የሚዘገየው ባለቤቱ ነው› ብለው መለሱት። እስኪሞት ያወራት ነበር።»

አባባ ዓይናቸው ቢደክምም ወደ መስኮቱ ዞሩ። የሰዓት መጠገኛ ሱቃቸው የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል።

ማራናታን ግን ያስጨነቃት «ተነቦ» የምትለዋ ቃል ናት። አባባ የነገሯት ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቱ ለልጃቸው ለደብሪቱ፣ መሣሪያዎቹ ሙያ ላስተማሩት ለእምሩ፣ የግድግዳው ሰዓት ለቤተ ክርስቲያን። አራተኛውን መስመር የጨመረችው ራሷ ናት፦ «የሱቄ ታፔላ ለልጅ ልጄ ለማራናታ ይሁን።» ሱቁ የፈረሰ ቀን አባባ ከአፈር ላይ አንስተው ያመጡት ቢጫ ቆርቆሮ ነው። ፊደል የለየችው ከእሱ ላይ ነበር፤ አባባ ትከሻ ላይ ተቀምጣ፣ በጣቷ እየነካች። እንዳትለምናቸው ደግሞ ለዛገ ቆርቆሮ የምታለቅስ ፋራ መምሰል ሆነባት።

ከታች ካለው ልብስ ስፌትና ከካፌው አራት ምስክሮች ተጠርተው መጡ።

«እኔ ላንብበው» አለች ማራናታ ፈጠን ብላ። አንዷን መስመር ዘልላ ብታልፍ ማን ያውቃል? አባባ እንደሆነ አያዩም፤ ፈርመው ይወጣሉ።

«አንብቢ» ብለው ጠበቃዋ ወረቀቱን ሰጧት።

አንደኛውን አነበበች። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም አነበበች። ከዚያ ቀና አለች። አባባ እስክሪብቶውን ይዘው፣ ጆሯቸውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፤ ሱቅ ሳሉ ሰዓት ሲያዳምጡ እንዲህ ነበሩ።

«አንድ መስመር ይቀራል» አለች። «እሱን ግን አባባ አላሉም። ታፔላውን ለራሴ ብዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይሰረዝ።»

ከምስክሮቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አባባ አልሳቁም።

«አንቺ፣ ለቆርቆሮ ብለሽ እስክሞት ልትጠብቂኝ ነበር?» አሉ። «ዛሬውኑ ውሰጂልኝ። አልጋ ሥር ተጋድሞ እግሬን እየቧጠጠ ፈጀኝ።»