መቶ አምፔር-ሰዓት

ጢ... ጢ... ጢ... አለ ከሳሎን።

ልጅቷ የምታጥበውን ሳህን ጥላ ከወጥ ቤት ሮጠች። «አባዬ!» ብላ በሩን በርግዳ ስትገባ ነው አልጋው ባዶ መሆኑ ትዝ ያላት። አባቷ ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል። የሚጮኸው ኦክስጅን ይሰጠው የነበረው ማሽን ነው። ታላቅ ወንድሟ ለሆስፒታሉ ሊመልሰው ከሶኬት ሲነቅለው፣ መብራት የጠፋ መስሎት ተንጫጫ።

«ዝም አሰኘው እስቲ!» አለች አክስታቸው። «ያን ቀንም እንዲህ ሲጮህ ሰሚ አጣ። መብራት ጠፍቶ ወንድሜን ለባትሪ አደራ ብለህ ሥራ ሄድክ አይደል? አንጀትህ እንዴት ቻለ?»

ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ የማሽኑን ገመድ እጁ ላይ ይጠቀልላል።

ትናንት የልጅቷ የፊዚክስ መምህር «አምፔር-ሰዓት ብቻውን አይበቃም» ብሎ ነበር። «በቮልቱ አባዙት፣ ዋት-ሰዓት ይሰጣችኋል። ባትሪው የያዘው ጉልበት እሱ ነው።» ክፍሉ በሙሉ ሲጽፍ የእሷ እጅ ደርቆ ቀረ።

የማሽኑን መጠባበቂያ ባትሪ ሊገዙ የሄዱት እሷና ወንድሟ አብረው ነበር። ሻጩ ባለ ሃያ አራት ቮልቱን፣ ስድሳ አምፔር-ሰዓት የሚለውን አሳያቸውና «ይሄ ለማሽናችሁ አምስት ሰዓት ይይዛል» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ወንድሟ ሊያነሳው ሲል እጁን ያዘችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ያኛው መቶ ይላል እኮ! መቶ ከስድሳ አይበልጥም?»

«የኛ ሳይንቲስት ካለች አለቀ!» አለና እየሳቀ መቶውን ተሸከመ። መቶው ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ነበር።

ትናንት ደብተሯ ጀርባ ላይ አባዛችው። የተዉት አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ፣ የወሰዱት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዋት-ሰዓት። ያን ቀን ወንድሟ አምስት ሰዓቱን ተማምኖ ወጣ፣ አምስቱ ሳይሞላም ተመለሰ። ባትሪው ግን በአራተኛው አልቆ ነበር።

ይህን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም።

«ሌላው ቢቀር ቶሎ አትመጣም ነበር?» አለች አክስታቸው እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ወንድሜን እኮ ነው የገደልክብኝ!»

«አክስቴ፣ እሱ አይደለም» አለች ልጅቷ። «ትንሹን ባትሪ ያስገዛሁት እኔ ነኝ።»

«የቱን ትንሽ? መቶ ነው ስትሉን አልነበር እንዴ?»

«በቮልቱ ሲባዛ ያንሳል። እሱ በሰዓቱ ነው የመጣው። ባትሪው ነው ቀድሞ ያለቀው።»

የወንድሟ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ አስተያየቱ ቁጣ ይሁን ሌላ ልትለየው አልቻለችም። የጠቀለለውን ገመድ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ አኖረው። ጃኬቱን ከወንበሩ አነሳ።

«ወንድም ጋሼ...»

በሩን ሳይዘጋ ወጣ።