አላምጦ የሚያበላት

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ማንበቡን እዚሁ ላይ ተዉት፣ አልቀየማችሁም። እኔ ግን በገዛ ጣቴ ነክቼዋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ማታ ቢሆን እኮ ፈርቼ ነው እል ነበር...

የምሠራው የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። በበሽተኛው ጭንቅላት ላይ ሽቦ እለጥፋለሁ፣ እሱ ይተኛል፣ እኔ ከመስታወት ማዶ ተቀምጬ የአንጎሉን መስመር በስክሪን አያለሁ። የሰው ላብ፣ የሰው ለሃጭ፣ የሰው የራስ ቅባት... አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ እንኳ አልለመድኩትም። ይቀፈኛል።

የዚያን ቀን በሽተኛዋ እናቴ ነበረች።

እማዬ እህል መቅመስ ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ጾም አይደለም። ሳህን ሳቀርብላት "ጠግቤያለሁ" ትለኛለች። በቃ።

"ማን አበላሽ?"

"እሱ ነዋ። በሕልሜ እየመጣ።"

"እሱ ማን?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ብርሃን የለበሰው። እኔን ማኘክ ስለሚያደክመኝ... እሱ አላምጦ ይሰጠኛል።"

"በእጁ?"

"በአፉ።"

ኤጭ! ይሄ ምኑ ነው ቅዱስ?

እሷ ግን ስታወራ ፊቷ ያበራል። እጇን ስይዛት ደግሞ አጥንት ብቻ ነው። በዚህ ከቀጠለች ትሞትብኛለች።

ለዶክተሩ ነገርኩት።

"ያጋጥማል" አለኝ። "ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው የአንጎል ክፍል ሲረበሽ አንዳንዱ ሰው መልአክ ያያል፣ የሌለ ጣዕም ይቀምሳል፣ ተባርኬያለሁ ይላል። አምጪያት፣ በስክሪን እናሳያታለን። የአንጎሏ ሥራ መሆኑን ስታይ ትበላለች።"

ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩ። ሽቦዎቹን ለጠፍኩ፣ አገጯ ላይም ሁለት። ብዙም ሳትቆይ ሕልም ውስጥ ገባች። ያስታውቃል፤ ሕልም ላይ ዓይን ይሮጣል፣ ጡንቻ ግን ይዝላል። የአገጯ መስመር ጸጥ አለ።

ከዚያ... ከአገጯ በቀር በሁሉም መስመር ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ነገር መጣ። ጠፋ። መጣ። ጠፋ።

ይሄን ምልክት አውቀዋለሁ።

ማኘክ ነው።

ዶክተሩ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ አየ። "ማስቲካ ሰጥተሻታል እንዴ?"

"ጥርስ የላትም እኮ፣ ዶክተር።"

አልሳቀም።

በመስታወቱ አየኋት። አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። አገጯ አይንቀሳቀስም። የክፍሉን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩ።

ጯ... ጯ... ጯ...

አፉን ከፍቶ የሚያላምጥ ሰው ድምፅ። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የምጠላው ድምፅ!

ሮጬ ገባሁ። ድምፁ ቆመ። የእማዬ ጉንጭ ግን አብጧል። ታንቃ እንዳትሞትብኝ ብዬ ጓንት እንኳ ሳላደርግ ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ።

ሞቃት ነበር።

ልስልስ ያለ፣ ግራጫ፣ በለሃጭ የተለወሰ ነገር። ውስጡ ፀጉር የሚመስል ነገር አለው። ሽታው ደግሞ... ጣፋጭ ነበር። እሱ ነው የባሰብኝ። ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩትና እላዩ ላይ አስመለሰኝ።

እማዬ ዓይኗን ገለጠች።

"ለምን ነጠቅሽኝ?"

በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ዶክተሩ ቅርጫቱን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው። ኪኒን አዘዘ። ኪኒኑ ሠራ፣ ሕልሙ ቆመ። እሷ ግን እህል አልቀመሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። "ተወኝ... በአንቺ ምክንያት ተወኝ።"

በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ሾርባ አቀረብኩላት። ለመንኳት። በሞቴ አልኳት። እምቢ። እንባዬ መጣ። ስለደከመኝ እዚያው ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ... ለአፍታ ብቻ።

ምን እንዳየሁ አልነግራችሁም። ብርሃን ነበረው። ጥርስም ነበረው።

ስነቃ እማዬ አጠገቤ ተንበርክካለች። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነው። ከአራት ቀን ለቅሶ በኋላ ፈገግ ብላለች።

"ራበኝ፣ ልጄ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ደስታዬን ልነግራት ስል... መናገር አልቻልኩም። አፌ ሞልቷል።

እማዬ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።