ከወንድሜ አጠገብ ያለው ወንበር

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኖርዌይ አገር ሊንደበርግ ባለው ቤቴ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፣ አራተኛዋ ኋላ ላይ መጣች። ልጄ ሊያ ምግብ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሽ መኩሪያ በመስኮቱ በኩል ካለው ሶፋ ላይ ጋቢውን እግሩ ላይ ጥሎ ውጭ ውጭውን ያያል፣ እኔ ደግሞ ከተከፈተው ሻንጣ አጠገብ ቆሜ የእሱን ሸሚዞች አጣጥፋለሁ። ኋላ የመጣችው ልጅ ከመግቢያው ምንጣፍ አላለፈችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የነገርኩት ሰው ሁሉ «ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነበረ ማለት ነው» ስለሚለኝ ነው፣ ሌላ ሰው አልነበረም፣ ቤቱም ሰው የሚደበቅበት ቤት አይደለም።

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው የሠራሁት፣ ሰው ሲሞት አጠገቡ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ ምንም አይቼ አላውቅም። ሰው ከሌለበት ክፍል ደወል ሲጮኽ ጓደኞቼ ሲያማትቡ እኔ ሽቦው ነው እል ነበር፣ ሽቦውም ሆኖ ይገኝ ነበር። እመኑኝ፣ የዚያን ዕለቱንም ሽቦ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአውሮፕላን ወንበር ነው። ጋሼ ሚስቱ ከሞተች በኋላ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር፣ አእምሮው እየደከመ ሲሄድ ግን አገሬ ውሰዱኝ ማለት አበዛ፣ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህታችንም አምጪልኝ አለች፣ እኔ ላደርሰው ተነሣሁ። ሐኪሙ መሄድ ይችላል ብሎ ፈቀደ፣ ግን ሁልጊዜ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይሁን አለ። እውነቱን ነው፣ ጋሼ እንቅልፍ ወስዶት በድንገት ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፣ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ባለፈው ክረምት እኔ ሳላየው ከቲባነው፣ ከከተማው ባቡር፣ ወርዶ ጫካው ጥግ በረዶ ላይ ቆሞ ነው ያገኙልኝ። በመውጫው በኩል እኔ ካልተቀመጥኩ አንድ ሌሊት ሙሉ በጨለማ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ተነሥቶ ምን እንደሚነካ፣ ማንን እንደሚያስደነግጥ አላውቅም፣ እሱ ራሱም ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ልቡ ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ ሊያ ቲኬቱ እንደተቆረጠ ወንበሩን አስቀድማ በኢንተርኔት መረጠችልን። በመስኮቱ በኩል ሁለት ሁለት ወንበር ብቻ ያለበት አውሮፕላን ነው፣ ጋሼን መስኮቱ ጋ፣ እኔን በመተላለፊያው በኩል አደረገችን፣ እኔ ካልተነሣሁ እሱ መውጣት አይችልም። ሥዕሉን አሳየችኝ፣ ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ ሣጥኖች ጎን ለጎን፣ ልቤ ዐረፈ።

ያን ዕለት ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ቤት ስትመጣ እስቲ አንዴ ልየው ብላ ከፈተችው። ገና ከሰዓት ነው፣ ግን ታኅሣሥ ስለሆነ ውጭው ጨልሟል፣ የደረጃው መብራት በራሱ ቦግ ጥፍት ይላል፣ ሊፍቱ እኛ ፎቅ ላይ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ማንም ሳይወርድ ይዘጋል። ለዚህም ትኩረት አልሰጠሁትም፣ አሮጌ ሊፍት ነው።

«እማዬ፣ ወንበር ቀይረሻል እንዴ?» አለች ሊያ።

«እኔ በየት አውቄ?»

«አንቺ ሠላሳ ስምንት ላይ ነሽ፣ መሐል ላይ፣ ሽንት ቤቱ ጋ። ጋሼ ሃያ ሰባት ላይ ነው። አጠገቡ ያለው በሌላ ሰው ተይዟል።»

«ጋሼ ‹ናቸው› በይ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ናቸው። አሁን የዚህ ሰዓት ነው?»

ሁለት አንድ ላይ የሆነ ክፍት ወንበር ፈልጋ አጣች። እኔ ወዲያው የጠረጠርኩት ሰው ነው። መንገደኛ መሆናችን ከተሰማ ጀምሮ ዕቃ አድርሺልን የሚለው ሰው ከደጄ አልጠፋም ነበር፣ እኔ ከማላውቀው ሰው አልቀበልም፣ ከማውቀውም ፊቴ ከፍቶ ካላሳየኝ አልወስድም፣ በዚህ የተቀየሙኝ አሉ። ከሞርተንሩድ የመጣች አንዲት ሴት ያሸገችውን ካርቶን አልከፍትም ብላ ይዛው ስትመለስ የቲኬቱን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ነበር፣ ቁጥሩን አይታ ይሆናል፣ ተናድዳ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሁንም አልፎ አልፎ አስባለሁ።

ሊያ በሞባይሏ አየር መንገዱ ጋ ደወለች፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ያነሣችው ሴት ኖርዌያዊት ነች፣ ትሑት ነች። ቁጥሩን ነገርናት፣ ከተሳፋሪዋ ራሷ ጋር መነጋገር አለብኝ አለች። እኔ ቀረብ ብዬ፣ እኔ ነኝ፣ ወንድሜ ታማሚ ነው፣ አጠገቡ መሆን አለብኝ አልኳት።

«አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ነግረውኛልኮ» አለች።

«ለማን?»

«ለእኔ። ወንበሩን ለሌላ ተሳፋሪ እንድሰጥልዎ ጠይቀውኝ፣ የእሷንም የቲኬት ቁጥር ሰጥተውኝ፣ አስተካክለናል።»

እኔ አልደወልኩም አልኳት። ሴትየዋ እንደ መሣቅ አለች፣ በክፋት አይደለም፣ ሰው ሲያፍር እንደሚሥቀው ነው። «እመቤቴ፣ ድምፅዎን አሁን ስሰማ ወዲያው አወቅሁዎ» አለች።

የእኔ ኖርዌይኛ የራሴ ነው፣ ይህን ልጄ ታውቃለች፣ ስትሥቅበት ነው ያደገችው፣ ሌላ ሰው እንዲህ አይናገረውም። ሊያ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ጠዋት ቤት አልነበርኩም እንጂ ብኖርም አልደውልም ነበር፣ ጠዋቱን በሙሉ በሩን በጋሼ ላይ ቆልፌ ምድር ቤት ካለው የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ነበርኩ፣ ያጠብኩት ልብስ ይኸው ገና እርጥብ ሆኖ የቤቱ ማሞቂያ ላይ ተሰጥቷል፣ ልብስ ራሱን አያጥብም።

ሴትየዋ ያቺ ተሳፋሪ ራሷ ካልለቀቀች ወንበሩን መመለስ አልችልም አለች። ማን ናት ብንላት ስም መንገር አይፈቀድም አለችና ዘጋች።

«እማዬ» አለች ሊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰሞኑን ደክሞሻል አይደል?»

«አልደከመኝም።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ልጄ ነርስ ነች፣ ይህ ጥያቄ ለማን እንደሚጠየቅ እኔም ስጠይቀው የኖርኩ ሴት አውቀዋለሁ። «ሐሙስ ነው፣ የዚህን አገር ንጉሥ ስምም ከፈለግሽ እነግርሻለሁ» አልኳት። አፈረች፣ እኔ ግን አልሣቅሁም።

የበሩ ደወል የተደወለው በዚህ መሐል ነው። ሊያ ከፈተች። አንዲት ወጣት ልጅ ቆማለች፣ ጥቁር ካፖርት ለብሳለች፣ በረዶው ትከሻዋ ላይ ገና አልቀለጠም፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ቆመች። በእጇ ምንም አልያዘችም፣ ይህን ወዲያው አስተዋልኩ፣ በዚያ ሰሞን ባዶ እጁን የመጣ ሰው አልነበረም።

«ምሕረት እባላለሁ፣ እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፣ ግሮሩድ ነው የምኖረው» አለች። «ጋሽ መኩሪያን አስቀድሜ ልያቸው ብዬ ነው፣ አውሮፕላን ላይ እንዳያፍሩኝ።»

«ማን ላከሽ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እርስዎ ነዎት እንጂ። ጠዋት ደውለውልኝ።»

ሊያ «ምን አለችሽ?» አለቻት።

«በአንድ አውሮፕላን እንደምንሄድ ነገሩኝ። ‹ወንድሜን አደራ፣ አጠገቡ ተቀመጪልኝ፣ በመተላለፊያው በኩል ሁኚ፣ ሳታዪው እንዳይነሣ› አሉኝ። የቲኬቴን ቁጥር ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ። ቁጥሬን ከማን እንዳገኙም አልጠየቅሁም፣ ትልቅ ሰው አደራ ካለኝ እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?»

«ታዲያ እናቴ ራሷ የት ልትቀመጥ?»

ልጅቷ ወለሉን አየች። «እሱንማ… ‹እኔ እስከዚያ አልደርስም› ነው ያሉኝ።»

እኔ ጥርጣሬዬን አልደበቅኩም። የማን ልጅ ነሽ፣ እዚህ ማንን ታውቂያለሽ፣ ሞርተንሩድ ዘመድ አለሽ ወይ ብዬ እንደ ፖሊስ ጠየቅኋት፣ አንዴም ሳትቆጣ መለሰችልኝ፣ ዘመድ የላትም፣ ማንንም አታውቅም። ስልኳን አውጥታ ጠዋት የተደወለላትን ቁጥር አሳየችን። የቤታችን ቁጥር ነው። ያ ስልክ ደግሞ እሷ ከቆመችበት ምንጣፍ አጠገብ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው አሮጌው ባለሽቦ ስልክ ነው።

ያን ጊዜ ጋሼ ከሶፋው ላይ ሆኖ «ይቺ ናት ከእኔ ጋር የምትሄደው?» አለ። ደስ ብሎታል፣ እንግዳ ሲያይ የሚሸሸው ሰው ፈገግ ብሏል። «ግቢ እንጂ የኔ ልጅ፣ አስካለ ነግራኛለች።»

«መቼ ነገርኩህ ጋሼ?»

«ጠዋት ነዋ። እዚያ ቆመሽ ስልክ ስታወሪ ቆየሽ፣ ከዚያ መጥተሽ እዚህ ጋ ቁጭ አልሽ» አለና በመዳፉ የሶፋውን ባዶ ቦታ መታ መታ አደረገ። «‹ጋሼ፣ አብራህ የምትሄድ ልጅ አግኝቼልሃለሁ፣ አይዞህ› አልሽኝ። እጅሽ ቀዝቅዞ ነበር።»

የጋሼ ነገር አይታመንም፣ ልክ ነው፣ የሞተችውን ሚስቱንም ገበያ ሄዳለች ይላል። እኔም ለራሴ ይህን አልኩ። ሊያ ግን እሱን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችው፣ እሱን ሐኪም ዘንድ መጀመሪያ የወሰደችው ቀን ባየችበት ዓይን።

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት ምሕረትን፣ ድምፄን አረጋግቼ። «የደወለልሽ ሰው ማንም ይሁን፣ እኔ ይኸው በሕይወት አለሁ፣ እሄዳለሁም። ከወንድሜ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ወንበሩን ልቀቂልኝ።»

«ኧረ ምን ገዶኝ፣ እትዬ! የእርስዎው ነው» አለች፣ ከልቧ ነበር፣ ሸክም እንደወረደላት ሰው ነው ፊቷ የፈካው። «እንደውም እዚሁ ደውዬ እለቃለሁ፣ ሰምተው ይረጋጉ።»

ሊያ የአየር መንገዱን ቁጥር ከኮምፒውተሩ ላይ እያነበበችላት ልጅቷ መጫን ጀመረች። እኔ ከመግቢያው መደርደሪያ ጎን ቆሜያለሁ፣ ሊያ ጠረጴዛው ጋ ናት፣ ጋሼ ሶፋው ላይ። ቁጥሩን ሳትጨርስ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ።

የስልኩን መስታወት አየችው። ከዚያ ቀና ብላ መደርደሪያው ላይ ያለውን የእኛን ስልክ አየች፣ እጀታው ቦታው ላይ ነው፣ እኔ አጠገቡ ነኝ፣ ማናችንም አልነካነውም። ለምን እንዳነሣችው አላውቅም፣ ልማድ ሆኖባት ይሆናል።

«አቤት» አለች።

የሚያወራው ሰው ለእኛ አይሰማም፣ ግን ረጅም ነው ያወራው። ልጅቷ እየሰማች ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። የእኔን አፍ ነበር የምታየው፣ የሚንቀሳቀስ መሆኑን፣ አለመሆኑን። አፌ ዝግ ነበር፣ ሊያም አይታለች።

«አዎ፣ እፊቴ ናቸው» አለች። ቆየት ብላ፣ «ለምን እንደማይደርሱ አልነገርኳቸውም» አለች። ከዚያ ደግሞ በጣም ቀስ ብላ፣ «እሺ፣ እትዬ፣ እሺ፣ አደራውን አልመልስም» አለችና ዘጋች።

ሊያ «ማን ነው?» አለች፣ ከወንበሯ ተነሥታ። ልጅቷ አልመለሰችላትም። ስልኳን ኪሷ ከተተች፣ ተንበርክካ ጫማዋን አጠለቀች፣ ክሩን ሳታስር ተወችው። ለጋሼ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ለእኔ አልነሣችም። በሩን ከፈተች፣ ሊፍቱ እኛ ፎቅ ላይ ተከፍቶ ቆሟል፣ በጎኑ አልፋ በደረጃው ወረደች።